ልጁን ጠይቂ

ዓለም ባንክ አካባቢ፣ የልጆች መጫወቻ ውስጥ ስሠራ ያለበሱኝ ቲሸርት ጀርባው ላይ «እርካታዎ እርካታችን ነው» የሚል ጽሑፍ ነበረው። ያሳተመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ፌርማታው ላይ የቆሙ ጎረምሶች እያነበቡ ሲንከተከቱብኝ ለምን እንደሆነ አልገባውም ነበር። ሲነገረውም አልቀየረውም። «ደንበኛ ይርካ እንጂ የፈለገ ይሳቅ» አለ።

የእኔ ሥራ ክብ እየዞረች የምትመለሰው ትንሿ ባቡር መውጫ ላይ ቆሞ ልጆችን ማውረድ ነበር። «ወላጁን እንዳትጠይቂ» አለኝ ገና በመጀመሪያው ቀን። «ልጁን ጠይቂ። እየሳቀ ሳለ፣ ደስታው ሳይበርድ። ደግሞ ጮክ ብለሽ፣ ሰው እንዲሰማ።» የእኛ ሰው በሰው ፊት ልጁን እምቢ አይልም፤ ይሉኝታው አይለቀውም። ደስ ያለው ልጅ ይደግማል፣ ከዚያ ፈንዲሻ ያምረዋል፣ ከዚያ ፊኛ። ሰውየው ይህን ሲያስረዳ ትልቅ ምርምር ያገኘ ይመስል ነበር። እኔን ያቅለሸልሸኝ ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ጎበዝ ሆንኩበት። ከሁሉም ጨዋታ ይበልጥ የምትደገመው የእኔ ባቡር ነበረች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጇን ይዛ መጣች። ነጠላዋ ንጹሕ ነው፣ ጫማዋ ግን አልቋል። ልጅቷን ከማሳፈሯ በፊት ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ አንዴ ብቻ ነው። የተረፈችኝ ወደ ዘነበወርቅ የምንመለስባት የታክሲ ናት» አለችኝ።

«ችግር የለም» አልኳት።

ባቡሯ ቆመች። ልጅቷ እየተፍለቀለቀች ወረደች። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ነበር፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ከአፌ አመለጠኝ አልልም፤ አውቄ ነው የተናገርኩት።

«የኔ ቆንጆ፣ ደስ አለሽ? ይደገም?»

«ይደገም!» ብላ ጮኸች። ዙሪያውን የቆሙት ወላጆች ሳቁ፤ ዞረውም እናቷን አዩ። እናትየው እኔን አየችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና የቋጠረቻትን ብር ሰጠችኝ።

ሥራ አስኪያጁ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ!» አለኝ። የነካኝን ቦታ በሳሙና መፈተግ አማረኝ። ከእሱ ይልቅ ግን ራሴን ተጸየፍኩ። ዛሬም ሳስበው ያንገፈግፈኛል።

ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ልጅቷን አቅፌ አወረድኳት። እናቷ ተቀበለችኝና፣ «ልጄን ስላስደሰትሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ከልቧ ይሁን ለወጉ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወደ ዘነበወርቅ በእግር የሚያስኬድ አቋራጭ ታውቂያለሽ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ኪሴ ውስጥ የራሴ የታክሲ ብር ነበረኝ። ሥራ አስኪያጁ አሁንም እያየኝ ነው። እጄን አነሳሁና መንገዱን አሳየኋት።