የባግባሪ አውራ ጣት

ጭርር… ጭርር… ጭርር…

ወተት ባዶውን የናስ ማለቢያ ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ነው። መጀመሪያ እንደ ቃጭል ይጮኻል፤ አረፋው ከፍ እያለ ሲመጣ ደግሞ እየወፈረ፣ እየታፈነ ይሄዳል። ስንት ዘመን አልፎ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይነሣል። ከራቪ ወንዝ ወዲህ፣ ከሸንኮራው እርሻ ጥግ በነበረው ግቢያችን ዶሮ ሳይቀድም የሚቀሰቅሰን የእትዬ ባግባሪ እጅ ነበር።

እትዬ ባግባሪ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የጋሼ አላህዲታ ሚስት ናቸው። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጉድጓድ ውኃ፣ በአንድ ምድጃ ኖረናል። በመንደሩ ስማቸው የሚነሣው ግን በባላቸውም በልጃቸውም አልነበረም፤ በአውራ ጣታቸው ነበር።

በአገራችን ለወተት የምትረባው የቤት ጎሽ ግት እንደ ላም ግት አይደለም። የጡቷ ጫፍ ጠባብ ነው፤ ልፍስፍስ እጅ ቢለምነው አይሰማም። ስለዚህ የመንደራችን ሴት ስታልብ አውራ ጣቷን ወደ መዳፏ ታጥፋለች። ከዚያ ጡቱን በታጠፈው አንጓና በቀሩት ጣቶች መካከል ጨምቃ ወደ ታች ትስባለች። እትዬ ባግባሪ ይህን ከእናታቸው የተማሩት የወተት ጥርሳቸው ሳይረግፍ ነው። አንጓቸው ላይ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ቆዳ ነበር። አዲስ ሙሽራ ወደ መንደሩ በገባች ቁጥር ሴቶቹ ከፊቷ ይልቅ አውራ ጣቷን ገልጠው ያያሉ።

የልጃቸው የረፊቅ ሚስት ሸሚም ስትመጣ ጣቷ እንደ ሐር ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ከሩቅ አውራጃ ነው የመጣችው፤ በእነሱ አገር በሙሉ መዳፍ ጨብጠው ነው የሚያልቡት።

«ምነው ልጄ፣ ልብስ ነው የምትጨምቂው ወይስ ጎሽ ነው የምታልቢው?» አሏት እትዬ ባግባሪ በመጀመሪያው ቀን። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሸሚም አንገቷን ደፋች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋ ቂጣ መጋገርና እርጎ መናጥ ሆነ።

ጎሿ ሞርኒ ትባል ነበር። ሞርኒ ማለት ሴት ጣዎስ ማለት ነው። ሰውነቷ ጥላሸት፣ ግንባሯ ነጭ፣ ዓይኖቿ ደግሞ እንደ ዝናብ ውኃ ነጣ ያሉ ነበሩ። ወተቷ ሲናጥ ከገንቦው የሚወጣው ቅቤ የሰፈሩን ዓይን ይስብ ነበር። ታዲያ ከሁለተኛው ጥጃዋ በኋላ ግቷ መታመም ጀመረ። ያብጣል፣ ይግላል፤ ወተቱ ውስጥ እንደ ተቆራረጠ እርጎ ያለ ነገር ይወጣል። የከብት ሐኪሙ ይወጋታል፣ ይሻላታል፤ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ይመለሳል። አንደኛው ጡት ደረቀ። ሁለተኛው እንደ ሥር ጠጠረ።

«ዓይን ነው» አሉ እትዬ ባግባሪ። ዓይን እንዲመልስ ያረጀ ጫማ አንገቷ ላይ አሰሩላት፣ የኒም ቅጠል አፍልተው አጠቧት፣ ዓይኗን ከጠረጠሩት ጎረቤታችን ጋርም ተኳረፉ። ሐኪሙ ግን ግቱን ዳብሶ «ውስጡ የቆሰለ ነው የሚመስለው። ምን እንዳቆሰለው አላውቅም» አለ። «ለማንኛውም ከማለባችሁ በፊት የመጀመሪያውን ወተት ጥቁር ጨርቅ ላይ አፍስሱ። ነጭ ቅንጣት ካያችሁ በሽታው መጥቷል ማለት ነው።»

ጋሼ አላህዲታ ግን ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ቀን ሺሻቸውን ወደ ጎን አድርገው «የረፊቅ እናት፣ ስሚኝ» አሉ። «ዘንድሮ ዝናቡ ሲያልቅ ሲራጅን እጠራዋለሁ። በሽታው ከተመለሰ ይዟት ይሂድ። በሁለት ጡት የምትቆም ጎሽ ለቢላ እንጂ ለቤት አትሆንም።»

ሲራጅ ለከተማው ቄራ ከብት የሚገዛ ነጋዴ ነው። እትዬ ባግባሪ ተነሥተው ሄዱና የሞርኒን ግንባር ያዙ።

ስንዴው በሚታጨድበት ሰሞን አንድ ጥጃ ገመዱን ይዞ ሲፈተለክ የእትዬ ባግባሪን አውራ ጣት ሰበረው። ወጌሻው በሁለት የሸምበቆ ስንጣቂ መካከል አቁሞ ጠፈረው። አሁን ማን ይለብ? እኔ የአስተማሪ እጅ ነው ያለኝ፤ ጠመኔ እንጂ ጎሽ አያውቅም። የቀረችው ሸሚም ነበረች።

ሞርኒ ግን ከእትዬ ባግባሪ ድምፅ በቀር ወተቷን አታወርድም። ስለዚህ እሳቸው ከራሷ በኩል ቆመው ያወሯት ጀመር፣ ሸሚም ከሥር ታልባለች።

«አይዞሽ ጣዎሴ፣ ታገሻት። ይቺ ልጅ እጇ የሊጥ ነው…»

«እማ፣ እሰማለሁ እኮ!» ትላለች ሸሚም ከጎሿ ሆድ ሥር።

«ስሚ! እንድትሰሚ ነው።»

የናሱ ድምፅም ተለወጠ። ጭርታው ቀረ፤ ሰፊና ዝግ ያለ ሆነ፣ እንደ ሰው ትንፋሽ። በዚያ ወራት የሞርኒ ግት ለሰለሰ። የጠጠረው ጡት እንደገና እንደ ሥጋ ሆነ፤ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ የሚወርደው ወተት ጠራ። ሐኪሙ መድኃኒቱን አመሰገነ፤ እትዬ ባግባሪ ጫማውን አመሰገኑ።

ጣታቸው ሲድን ሸምበቆውን ፈትተው ጣሉና ማለቢያውን ከሸሚም እጅ ወሰዱ። ግቢው በዚያ በድሮው ጭርታ ተሞላ። ደስ አለን። ጥቂት ጠዋቶች አለፉ፤ ከዕለታት አንድ ቀን ግን ድምፁ መሐል ላይ ቆመ። ወጥቼ ሳይ ጥቁሩን ጨርቅ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጨርቁ ላይ ነጭ ቅንጣቶች ነበሩ።

አውራ ጣታቸውን አጠፉት፣ አቃኑት። ጠጣሩን አንጓ በሌላው እጃቸው ዳበሱት። ከዚያም ቀስ ብለው፣ በገዛ ጉንጫቸው ላይ ተጫኑት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ዓይን አይደለም» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ሴቶች አሬራ ሊወስዱ በተሰበሰቡበት፣ የተኳረፏትም ጎረቤት ሳትቀር፣ ሸሚምን ጠሯት። ከሞርኒ ሥር በሚታለብባት በርጩማ ላይ ልጅቱን አስቀምጠው እሳቸው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ።

«አሳዪኝ።»

«እማ፣ ይተዉ፣ ሰው እያየ…»

«ሰው እያየ ነው የሳቅሁብሽ። አሳዪኝ።»

ማንም አልሳቀም። ጎረቤታችን መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ብዙ መጽሐፍ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ያለ ትምህርት ግን አላየሁም። መንደሩ ሁሉ የሚምልበት እጅ፣ ልጆችን ያሳደገ እጅ፣ ከምራት ፊት ተዘርግቶ እንደ ሕፃን እጅ «እንዲህ ነው? እንዲህ?» እያለ ይጠይቃል። ጣቱ ግን አልታዘዝ አለ። እሳቸው መዳፋቸውን ሲጨብጡ አውራ ጣቱ በራሱ ጊዜ ሹልክ ብሎ ይታጠፋል።

በማግስቱ ወጌሻው ቤት ሄደው የዳነውን ጣታቸውን እንደገና በሸምበቆ አስጠፍረው መጡ።

«ምነው፣ አልዳነም እንዴ?» ቢሏቸው፣ «እሱስ ድኗል፤ እኔ ነኝ ያልዳንኩት» ይሉ ነበር።

ዝናቡን ሙሉ በዚያ ሸምበቆ አለቡ። ክንዳቸው ይዝል ነበር፤ ሲጨርሱ ማለቢያውን በሁለት እጅ እንኳ ማንሣት ያቅታቸዋል። ወተቱ መጀመሪያ በጠብታ፣ ኋላ በክር፣ ኋላ በጅረት ወረደ። ሸሚም ከጎናቸው ተቀምጣ «ከላይ እማ፣ ከላይ ያዙት» ትላለች፤ እሳቸውም «እሺ የኔታ» ይሏታል። ሁለቱም ይስቃሉ።

ዝናቡ ሲያባራ ሲራጅ መጣ። በእንግዳ ክፍል የገመድ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ የሚጎትትበትን ገመድ እግሩ ሥር ጥሎ። ሻዩን በማንኪያ ሲያማስል እትዬ ባግባሪ ጥቁሩን ጨርቅ ይዘው ገቡና በባላቸው ጉልበት ላይ ዘረጉት። ወተቱ ገና እርጥብ ነበር። ጋሼ አላህዲታ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ፤ በጣታቸው አሻሹት፤ አሸተቱት። አንዲት ቅንጣት አልነበረችም።

«እህቴ፣ ጣትሽ ምን ሆነ?» አለ ሲራጅ።

ጋሼ አላህዲታ ጎንበስ ብለው ገመዱን ከወለሉ አነሡ፤ ጠቅልለውም በነጋዴው ትከሻ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ ቀና ብለው የሚስታቸውን እጅ፣ ሸምበቆውን፣ በላብ የጠቆረውን ክር ለረጅም ጊዜ አዩ። እኔ እስከዚያን ቀን ጋሼ አላህዲታ ሚስታቸውን እንዲያ ሲያዩ አይቼ አላውቅም።

«የረፊቅ እናት…» ብለው ጀመሩ።

ከግቢው ሞርኒ ጮኸች። ግቷ በወተት ተወጥሮ ነበር። እትዬ ባግባሪ የክሩን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ጠበቅ አደረጉት፣ ማለቢያውን ከበሩ ሥር አነሡ፣ እንግዳውንም ባላቸውንም ሳይሰናበቱ ወጡ።