በዲመካ ገበያ የተዳኘ የቦክሰኞች ዝና

ኤርሳዶ ልብስ ሰፊ ነበር። ከከምባታ ጂንካ የገባው ንጉሡ በወረዱበት ዓመት ነው፤ የስፌት መኪናውን ራስ በጆንያ ጠቅልሎ፣ እግሯን በበቅሎ አስጭኖ። ጂንካ ያን ጊዜ ምን ነበረች! መሃሏ የአውሮፕላን ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ከብት። አውሮፕላኑ ሲያንዣብብ ሰዉ ሁሉ ትልቅ ትንሽ ሳይል ዱላውን ይዞ ከብት ሊያባርር ይሮጣል። ጤናዬ ያገኘችው እዚያው ሜዳ ዳር ነው። የበና ከብት አርቢዎች ልጅ ናት። ሱሪ ቀጥ አድርጎ ስለሚሰፋ ወደደችው፤ ያ ሁሉ ወሬ በሆዱ እንዳለ ብታውቅማ ኖሮ ከብቶቹን ተከትላ ወደ አባቷ አገር በተመለሰች።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። መሐመድ አሊ ኪንሻሳ መጥቶ ያንን ግዙፍ ፎርማንን ጣለው ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። ከዚያ ቀን ወዲያ የኤርሳዶ ልብ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ክር ተጠቅልሎበት ከመጣ ጋዜጣ ላይ የአሊን ፎቶ ቆርጦ ከመኪናዋ በላይ ለጠፈው። የልጆቹ ፎቶ የለም፤ የአሊ አለ። ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ባሸገባቸው ዓመታት ጤናዬ ከጎረቤቶቿ ጋር በር ዘግታ ስትጸልይ፣ እሱ በር ከፍቶ ስለ አሊ ይሰብክ ነበር።

መቼስ ለወሬኛ ወሬኛ አይጠፋለትም። ሃምሳ አለቃ ደምሰው ነበሩ፤ ኮሪያ የዘመቱ፣ ጡረታ ወጥተው ጂንካ የቀሩ። የሳቸው ሰው የድሮው የዓለም ሻምፒዮን ጆ ሉዊስ ነው።

«በኛ ጊዜ ሬዲዮ እንኳ ያለው በስንት መንደር አንዱ ነበር» ይላሉ፣ ያችኑ ሬዲዮአቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው። «እንዲያም ሆኖ ምሽግ ውስጥ ጆ ሉዊስን የማያውቅ አሜሪካዊ አላየሁም። ያንተን አሊ ቴሌቪዥን አዝሎት ዞረ እንጂ በእግሩ መች ሄደ? ታዝሎ የደረሰና ተራምዶ የደረሰ እኩል ነው?»

«የርስዎ ሰው ከአገሩ መች ወጣና ነው?» ይላል ኤርሳዶ፣ መርፌውን በአፉ እንደያዘ። «አሊ ኪንሻሳ ተደባድቧል፣ ማኒላ ተደባድቧል። የዓለም ሻምፒዮን ዓለምን ካልረገጠማ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው!»

ሦስተኛው ነጋሽ ነው፤ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ። አዲስ አበባ ሄዶ ታይሰንን በቪዲዮ አየሁ ካለ ወዲህ ሁለቱንም አሮጌ ይላቸው ጀመር። «ሰው ሻዩን ሳያማስል ጨዋታው ያልቃል፤ እንዲህ ያለ ዝና ታይቶ አይታወቅም» ይላል። በሰማንያ ሁለት የካቲት ታይሰን ቶኪዮ ላይ ተዘረረ ሲባል ግን ነጋሽ ሳምንቱን ሙሉ በጓሮ መንገድ ሄደ።

ጤናዬ አሥራ አምስት ዓመት ሻይ እያቀረበች ይህን ሰማች። አንድ ቀን ብርጭቆ እየሞላች ጠየቀቻቸው።

«እነዚህ ሰዎች ጂንካ የምትባል አገር መኖሯን ያውቃሉ?»

«ምን አስጨነቃቸው?» አለ ኤርሳዶ።

«እናንተንስ ምን አስጨነቃችሁ?»

ሦስቱም ብርጭቆአቸውን አነሱ። ሻያቸውን ፉት አሉ። ከዚያ ካቆሙበት ቀጠሉ።

እንግዲህ መጋቢት ላይ ነው ነገሩ የከፋው። ሃምሳ አለቃ ተናደዱና «አፍማ ለሁሉ ተሰጥቷል፤ ምን ታስይዛለህ?» አሉ። ኤርሳዶም ምንም ሳያስብ መኪናዋን መታ መታ አደረጋት።

«ይህችን! ሐመር አገር ዲመካ ገበያ ወርደን ሦስት ሽማግሌ እንጠይቅ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ አሊን ካወቀ ሬዲዮዎ የኔ ነው። ካላወቀ መኪናዋን ይውሰዷት።»

ነጋሽ፣ የሱ ሰው ስለተዘረረ አያዳላም ተብሎ ዳኛ ሆነ።

ጤናዬ ጓሮ ጎመን ትቀነጥስ ነበር። ጎመኑን እንደያዘች ገባች። ሦስት ልጅ የሚበላው ከዚያች መኪና ነው።

«የሐና አባት፣ ምን አልክ?»

«አትፍሪ። አሊን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ?»

«የኔ አባት አያውቀውም።»

«አባትሽማ...»

«አባቴማ ምን?»

ኤርሳዶ አጎንብሶ መኪናዋን መርገጥ ጀመረ። ቢመልስ ኖሮ ጎመኑ ፊቱ ላይ ያርፍ ነበር።

ታዲያ የነዚህን የዓለም አዋቂዎች ጉድ ስሙ። ዓለም ማንን እንደሚያውቅ አሥራ አምስት ዓመት ሲከራከሩ ኖረው፣ ከሦስቱ የሐመርን ቋንቋ የሚያውቅ አንድም የለም። ያስታወሱትም ዓርብ ዕለት፣ ለቅዳሜው ገበያ ጭነት መኪና ላይ ቦታ ከያዙ በኋላ ነው። የበና ሰውና የሐመር ሰው ደግሞ ንግግራቸው አንድ ነው። ስለዚህ ኤርሳዶ አንገቱን ደፍቶ ጤናዬን አስተርጓሚ ሁኚልን አላት። እሺ አለች፤ ቶሎ ነው እሺ ያለችው።

ቅዳሜ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ አቧራ ለብሰው ዲመካ ደረሱ። ገበያው ሞልቷል፤ ፍየሉ፣ ቅሉ፣ ማሩ። የመጀመሪያው ሽማግሌ የአሊን ፎቶ ተቀበለና ገልብጦ ጀርባውን አየ። ፊቱን አላወቀውም፤ ጀርባውንም አላወቀው። ሁለተኛው ፎቶው ላይ ያለውን ጓንት በጣቱ ነካ አድርጎ አዘነለት። «እጁን ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የጠቀለለው?» አለ። ጤናዬ ተረጎመች። ሃምሳ አለቃ ሳቃቸውን በከዘራቸው ሸፈኑ። ኤርሳዶ ላቡ ሸሚዙን አልፎ ኮቱ ላይ ወጣ።

ሦስተኛው ከግራር ሥር በርጩማው ላይ የተቀመጠ፣ በጭቃ የተሠራ ጸጉሩ ላይ ላባ የሰካ አዛውንት ነበር። ፎቶውን ብዙ አየው። ከዚያ «የበሬው ስም ማነው?» አለ።

እዚያ አገር ወንድ የሚታወቀው በበሬው ነው። በበሬው መልክ ይጠራል፣ ለበሬው ይዘፍናል፤ በሬው ያልታወቀ ሰው፣ ጉልበቱ ተራራ ቢገፋ እንኳ፣ ማን ብለው ይጠሩታል? ጤናዬ ጥያቄውን ለወንዶቹ ቃል በቃል ነገረቻቸው።

«በሬ?» አለ ኤርሳዶ። «በሬ የለውም በይው።»

«በሬ የሌለውን አላውቅም ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆነ።

ጤናዬ አየችው። ያ ሁሉ ኪንሻሳ፣ ያ ሁሉ ማኒላ፣ እዚህ ግራር ሥር አልቆ። መኪናዋ በሃምሳ አለቃ ቤት ጥግ አቧራ ለብሳ ታየቻት። ወደ አዛውንቱ ዞር ብላ በራሷ ቋንቋ፣ «ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ነጭ፤ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የወረደ» አለችው። የአባቷን በሬ ነው የነገረችው።

አዛውንቱ ጭኑን መታ። «እንዴ፣ እሱንማ አውቀዋለሁ! በሬው በኛ መንደር አልፏል። ሰውየው ምነው ከሳ?»

«አወቀው!» ብላ ተረጎመች። ውሸትም አይደል።

ሃምሳ አለቃ በቀላሉ አልተረቱም። ከኮሪያ ጀምረው በደረታቸው የያዙትን የጆ ሉዊስን ፎቶ አወጡ። አዛውንቱ የዚህኛውንም በሬ ጠየቀ። ጤናዬ እዚህ ላይ «የለውም» አለችው፤ ለሃምሳ አለቃ የምታበድረው በሬ አልነበራትም። ሰውየው ፎቶውን መለሰ።

«በሬ ከሌለው ለምን ይዛችሁት ትዞራላችሁ?»

ነጋሽ ፈረደ። ሬዲዮው ለኤርሳዶ ሆነ።

ሲመለሱ ኤርሳዶ ጆንያው ላይ ንጉሥ መሰለ። «አላልኩም? አሊ በሐመር በረሃ እንኳ ይታወቃል!»

«ያወቀው የአባቴን በሬ ነው» አለችው ጤናዬ፤ ያለችውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችው። ሰው ፊት ነው የነገረችው።

ኤርሳዶ ከት ብሎ ሳቀ። «ቅናት ነው! ሴት ዝና አይገባትም።»

ሃምሳ አለቃም አላመኗትም፤ በበሬ ከመረታት በአሊ መረታት ይሻላቸዋል። «እንግዲያው ቱርሚ ገበያ እንድገመው» አሉ።

«ይደገም! መኪናዋን እንዳለች አስይዣለሁ!» አለ ኤርሳዶ። መንገድ ላይ፣ በሚንገጫገጭ ጭነት መኪና ላይ እጅ ለእጅ ተመታቱ።

 ሰኞ ጠዋት፣ እሱ ሬዲዮውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ድሉን በየሱቁ ሲያወራ፣ ጤናዬ የስፌት መኪናዋን ራስ ፈታ በጀርባዋ አዘለች፤ እግሯን አሸክማ የጎረቤቷ የአልማዝ ሱቅ በረንዳ ላይ ተከለቻት። ተቀምጣም መርገጥ ጀመረች። ጂንካ ሴት በመኪና ስትሰፋ አይታ አታውቅም፤ መንገደኛው ቆመ። እሱ ስለ አሊ ሲለፈልፍ ሳይሰፋ የሚያድረውን ሱሪ ያን ሁሉ ዓመት ማን ይጨርሰው እንደነበር ማንም አልጠየቀም ነበርና።

ኤርሳዶ እየሮጠ መጣ፤ ሃምሳ አለቃና ነጋሽ ከኋላው።

«መኪናዬን!»

«አስይዘሃት የለም እንዴ? ያተረፋት የአባቴ በሬ ነው። በሬ ያተረፈው የባለበሬው ነው። እነዚህ ሰዎች ይፍረዱ።»

ሃምሳ አለቃ ከዘራቸውን አዩ። ነጋሽ፣ ዳኛው፣ ሰማዩን አየ።

«ታዲያ ቱርሚስ?» አለ ኤርሳዶ ቀስ ብሎ።

«ሂዱ። ሬዲዮ አለህ፤ እሱን አስይዝ።»

«እኔስ ምን ልሥራ?»

ጤናዬ ቀና ሳትል የሸሚዝ ቁልፍ ማስቀመጫውን ቆርቆሮ በእግሯ ወደሱ ገፋ አደረገችለት። ኤርሳዶ ሰዎቹ እስኪሄዱ ቆሞ ጠበቀ፤ ሲሄዱለት ደረጃው ላይ ቁጭ አለና ቁልፍ ሊተክል መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት ጀመረ።