ዘንገናን የለካን ዕለት

ልጅ ሳለሁ ከሰው ሁሉ አብልጬ የምጠላቸው ተረት ነጋሪያችንን ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ደምሴ ናቸው። ዛሬም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አይደለም።

ያኔም እንደ ዛሬው በእንጅባራ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስል ነበር። አፈር የለበሰው የእንጨት ክምር አየር ካገኘ ነዶ አመድ ስለሚሆን ጠባቂ አይለየውም። እኛ ልጆቹ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ፍሙ ብቅ ያለበትን ቀዳዳ በአፈር እየደፈንን፣ ዐይናችን በጭስ እያነባ፣ አያ ደምሴ ፋኖሳቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያወሩትን እንሰማ ነበር። ወሬያቸው ስለ ዘንገና ሐይቅ ነው። ዘንገና ወለል የለውም፤ ከሥር ከባሕር ጋር ይገናኛል፤ የባሕሩም ሆድ ጨለማ ነው፣ ነፍስ ያለው ነገር አይኖርበትም፣ የገባ ሁሉ ቀረ። ሲያወሩ ይጥማሉ፣ እሱን አልክድም። የሚያንገበግበኝ ተረቱ ሁልጊዜ እኔ ላይ ማለቁ ነበር። «የማይደረስበትን ካልደረስኩ የምትል ሴት መጨረሻዋ ይኸው ነው» ይሉና በዱላቸው ጫፍ ወደ እኔ ያመለክታሉ።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘጠነኛ ለመግባት እንጅባራ ቤት ተከራይቼ መቀመጥ ነበረብኝ፤ አባቴ ደግሞ ያለ ወንድሙ ፈቃድ በሬ እንኳ አይሸጥም።

አንድ ምሽት አላስችል አለኝ። የሳይንስ መምህራችን ሀብታሙ በስልኩ ያሳየንን ተናገርኩ። ባሕር ውስጥ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥልቀት፣ ግንባሩ ላይ የራሱን መብራት ያንጠለጠለ ዓሣ አለ፤ ከዚያም በታች፣ ከወለሉ ፍል ውሃ በሚወጣበት ቦታ፣ ብርሃን አይተው የማያውቁ ትሎችና ሸርጣኖች ይኖራሉ አልኩ።

«ዓሣ ኩራዝ ይዞ ይዞራል?» አሉ አያ ደምሴ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ክምሩን አብሯቸው ወደሚጠብቀው አባቴ ዞሩ። «የምትማረው ውሸት ነው። ያ መምህሯ የዘንገናን ወለል ያግኝና ከተማ ትሂድ። ካጣው ግን እዚሁ ከሰሏን ታክስል። ቃልህን ስጠኝ።»

«እሺ አያ» አለ አባቴ። ያን ጊዜ እሱንም ጠላሁት።

መምህር ሀብታሙ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆነ ዋና ይችላል። ነገሩን ብነግረው ቅዳሜ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ ነፍቶ መጣ። አገሩ የፈረሰኛ አገር ነውና ገመድ ከየቤቱ አይጠፋም፤ እኛ ተማሪዎቹ የፈረስ ማሰሪያ ሁሉ እየለመንን ቀጣጠልነው። አያ ደምሴ ፈረሳቸው ላይ እንደተቀመጡ ሐይቁን ከከበበው ገደል አፋፍ ቁልቁል ያዩን ነበር፤ የሰፈሩ ሰውም ሊስቅብን ተሰብስቧል። መምህሩ ከመነዳሪው ላይ ሆኖ ወደ ሐይቁ መካከል ቀዘፈና በገመዱ ጫፍ የታሰረውን ድንጋይ ለቀቀው። ገመዱ እስከ መጨረሻው ወረደ።

«አልነካም!» ብሎ ጮኸ።

ሳቁ ገደሉን ሞላው። አባቴ ማንንም ሳያይ ሄዶ የገዛ ፈረሱን ማሰሪያ ፈታና አምጥቶ ከገመዳችን ጋር ቋጠረው። ፈረሱ ወደ ጫካው ሲጋልብ ዞር ብሎም አላየው። መምህሩ እንደገና ገባ፤ አሁንም አልነካም።

«አላልኩም?» አሉ አያ ደምሴ። «ወለል የለውም። በቃ፣ አለቀ።»

«ያለቀው ገመዱ ነው አያ» አልኳቸው። «ገመድ ስላጠረን ወለል የለም ይባላል?»

መምህር ሀብታሙ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ ከጎኔ ቆመ። ድሮ ሊቃውንቱም ከባሕር ጥልቅ ሕይወት የለም ይሉ እንደነበር፣ ገመዳቸውን ሲያስረዝሙ ግን ሕይወት ያለው ነገር እየጎተቱ እንዳወጡ፣ ዛሬ ደግሞ ድምፅ ወደ ታች ልከው ሲመለስ እየሰሙ ወለሉን እንደሚለኩ ተናገረ። ማንም አልሰማውም።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለው አያ ደምሴ ወደ አባቴ ዞሩ። «ቃልህን ሰጥተኸኛል።»

አባቴ የረጠበውን ገመድ ትከሻው ላይ እየጠቀለለ፣ «አጥፌዋለሁ አያ» አላቸው። «ልጄ ትማራለች።»

በእኛ አገር በታላቅ ወንድም ፊት ቃልን ማጠፍ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አንድ ክምር አልጠበቁም፤ አባቴ ታሞ ሲተኛ እንኳ አያ ደምሴ ደጃችንን አልረገጡም። ይህን ይቅር አላልኳቸውም፣ አልልምም።

ካደግሁ በኋላ ዘንገና በመሣሪያ ተለክቶ ወለል እንዳለው አነበብኩ። ሄጄ ነገርኳቸው። «ማን ወርዶ አየው?» አሉኝ። ያን ዕለት ለአባቴ ለመንገር መቃብሩ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ከዚያ ስደርስ ግን የምነግረው እንደሌለኝ ገባኝ። አባቴ ያመነኝ ወለሉ ሳይገኝ ነው።