ከበርሜሉ የወጣችው አረፋ

ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ያልነገርኩትን ነው የምጽፍልህ። አንብበህ ስትጨርስ ቶሎ አትማረኝ።

ዲላ በመምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ለጠፈር መንኮራኩር የሚሆን ትንሽ ማቀዝቀዣ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ሕዋ ላይ ነፋስ የለም፤ የመሣሪያዎቹን ሙቀት ፈሳሽ ተሸክሞ ካላወጣው መንኮራኩሩ በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል። ያንን ሥራ መዳፍ በሚያህል ዕቃ ልጨርሰው አሰብኩ። ሐሳብ አላነሰኝም፤ ያነሰኝ እጅ ነው። እጁን ያገኘሁት ከጋሽ በዳሶ ዘንድ ነው፤ ከኮንጋ ቡና የሚጭኑ መኪኖችን ራዲያተር የሚበይዱ ሰው ነበሩ።

ጋሽ በዳሶ አንድ ልማድ ነበራቸው። የበየዱትን ዕቃ አየር ሞልተው የውሃ በርሜል ውስጥ ይነክሩና ባለቤቱን ጎንበስ ብሎ እንዲያይ ያደርጉታል። «አየሁ» ካላለ ዕቃው ከግቢያቸው አይወጣም። የእኔንም በይደው ነከሩት። ከማዕዘኑ አንዲት አረፋ ወጣች፤ ቆየት ብላ ሌላ።

«መምህር፣ ይሄ ይተነፍሳል። አየህ?»

«አየሁ» አልኩ።

«እስከ ሰኞ ተወው በቃ፣ ፈትቼ እበይድልሃለሁ።»

ቤተ ሙከራ ሊሰጡን ወይም ሊነፍጉን የሚመጡት እንግዶች ግን ዓርብ ነበር ቀጠሯቸው። ለምኜ ወሰድኩት። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ቀዳዳውን በሙጫ ደፈንኩት፣ ቀለም ቀባሁት። ዓርብ ለእንግዶቹ ሳሳይ በውስጡ ያለው ውሃ ሲግል ሙጫው ለቀቀ፤ ውሃውም ወረቀታቸው ላይ ተረጨ። የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ማን እንደበየደው ሲጠይቀኝ «ጋሽ በዳሶ ናቸው፤ ደህና ነው ብለው ነው ያስረከቡኝ» አልኩ። እንዴት እንዲህ ቀለለኝ? ማንስ አስገደደኝ?

ዲላ ወሬ የሚሰወርባት ከተማ አይደለችም። ሹፌሮቹ ሰሙ፤ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጠጋኝ ሄዱ። አንድ ቀን ከጋሽ በዳሶ ጋር መንገድ ላይ ተገናኘን። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «አይተሃል እኮ» ብቻ ብለውኝ አለፉ። በዓመቱ ግቢውን ዘግተው ሬኮ መንደር ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ እዚያው አረፉ።

እኔ ግን ከውሸቴ መውጫ አጣሁ። ቀጥሎ የሠራሁት ዕቃ ተሳካልኝ፤ በእሱ እድገት አገኘሁ፣ ቤተ ሙከራውም ተሰጠን። በሩ አጠገብ በርሜል አስቀምጫለሁ። ተማሪዎቼ የሠሩትን ዕቃ ይነክራሉ፣ እኔም «አየህ?» እላለሁ፤ ካልመለሱልኝ አላሳልፋቸውም። «የመምህር ዘዴ» ይሉታል። የማን እንደሆነ ልነግራቸው ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ! ስማቸውን ካነሣሁ ለምን ሥራ እንዳቆሙ ይጠይቁኛላ። በገዛ አፌ ያሰርኩትን በገዛ አፌ መፍታት አቃተኝ።

ይቅር በሉኝ የምላቸው ሰው የሉም። ልጅ ነበርኩ፣ ቸኩዬ ነበር፣ አላወቅሁም አልልህም። ጎንበስ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ።