ቁጥሩ የተፋቀው ስልክ

ሴትዮዋ ስም አላት፤ ግን በስሟ የሚጠራት የለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «እትዬ ሞክሩት» በሚለው ቅጽል ነው። በምትሸጥበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አምፖል እንኳ ሳይበራ ከበር አይወጣም። ራዲዮ ለጠየቃት ራዲዮውን ከፍታ ታስሰማዋለች፤ ካውያ የፈለገውንም ሶኬት ላይ ሰክታ እስኪግል አብራው ትቆማለች። «ሞክሩት እንጂ! ቤት ገብታችሁ አልሠራም ቢላችሁ ማንን ልትቆጡ ነው?» ትላለች።

ሱቁ የታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሱም በዚህ አመሏ ይንጨረጨራል። እውነቱን ነው። ሰው ይገባል፣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ከእሷ ጋር ሲጫወት ያረፍዳል፣ ከዚያ «እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣና በኢንተርኔት አዝዞ ቤቱ ድረስ ያስመጣል። አንዳንዱማ ዓይን ያወጣ ነው፤ እዚያው መደርደሪያው ፊት ቆሞ ያዛል። ከሁሉ የባሰ መከራውን ያየው ለመሞከሪያ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ባለቁልፍ ስልክ ነው። የገባው ሁሉ ሲጫነው ኖሮ ቁጥሮቹ ተፋቀው አልቀዋል።

«እትዬ፣ ነገ ሁሉንም መስታወት ውስጥ እቆልፈዋለሁ» አላት ወንድሟ አንድ ጠዋት። «የምንሸጠው ለሚገዛ ነው፤ ለሚነካካ አይደለም።»

ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ገበያው እንደ ቀዘቀዘ ግን እሷም አላጣችውም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ የሴት ልጃቸውን ክንድ ይዘው ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው የለም። ልጃቸው ያላደረገችላቸው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ያዘዘችላቸው ስልክ መስታወት ብቻ ሆነና ፊትና ጀርባውን መለየት አቃታቸው። ቀጥሎ ያስመጣችው ባለቁልፍ ደግሞ ከመድረቁ የተነሳ አንዱን ሲጫኑ ጎረቤቱ አብሮ ይገባል።

«በዚህ ዕድሜው ስልክ ምን ያደርግለታል ብለሽ እንዳትታዘቢኝ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ወንበር ስታቀርብላቸው። «ከእናቴ ልጆች የቀረነው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። ያለችው ሌላ ከተማ ነው። ማታ ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ ትደውልልኛለች፤ እግዜር ይስጣት። ግን እህቴ የምትናፍቀኝ ቀን ቀን፣ ብቻዬን ስሆን ነው። ያኔ ራሴ ብደውልላት ብዬ ነው።»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እትዬ ሞክሩትን አንጀቷን በሏት። አዳዲሶቹን ስልኮች ከየካርቶናቸው አወጣች፣ የሱቁን ሲም ካርድ አስገባች፣ ራሷም ዓይኗን ጨፍና እየዳሰሰች አንድ በአንድ እጃቸው ላይ አኖረች። ሽማግሌው የእህታቸውን ቁጥር በቃላቸው ያውቁታል። ጣታቸው ግን በመርፌ ሲወጋና መቀስ ሲጨብጥ ኖሮ ደንዝዟል። ደወሉ፤ የማያውቁት ሰው አነሳ። «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው።» ሌላ ስልክ ያዙ፣ ሌላ የማያውቁት ሰው አነሳ። በሦስተኛው ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ተይው ልጄ። አንቺንም አደከምኩሽ።»

ሊነሱ ጠረጴዛውን ሲደገፉ እጃቸው መሞከሪያው ስልክ ላይ አረፈ። ቆም አሉ። በአውራ ጣታቸው አንዱን ቁልፍ ጫን፣ ለቀቅ አደረጉት።

«ይሄስ?»

«እሱ የሚሸጥ አይደለም፣ አባቴ። ሰው ሁሉ የነካካው ነው፤ ቁጥሩም ጠፍቷል።»

«ቁጥሩ ለእኔ ምኔ ነው?» አሉ ሳቅ ብለው። «ቁልፉ እንዴት ለስልሷል!»

ሲም ካርዱን ከተተችላቸው። ቀስ ብለው፣ አንዱን ቁልፍ ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ሳይሄዱ፣ ደወሉ። ድምፁ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

«አቤት፣ ማን ልበል?» አሉ አንዲት አሮጊት።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ።»

«ውይ! ምነው በቀን? ምን ሆንክብኝ? ማነው የደወለልህ?»

«ማንም። እኔው ራሴ።»

ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «በል እንግዲያ አትዝጋው» አሉ እህትየው። «ምንም ባናወራም አትዝጋው።»

ልጅቱ ወደ መደርደሪያው ዞራ እንባዋን ጠረገች። እትዬ ሞክሩት መዞርም አላስፈለጋት፤ እዚያው እንደ ቆመች አለቀሰች። ስንቱን «እመለሳለሁ» ባይ በሆዷ ስትረግም ኖራለች! ለካ ያንን ቁልፍ ሲያለሰልሱላት የከረሙት እነሱ ናቸው። ቀና ስትል ወንድሟ ከጓዳ ወጥቶ ቆሟል። እሱም እህቱን የሚጠራበት «እትዬ» ከሽማግሌው አፍ ሲሰማ ነበር የወጣው።

«አዲስ ባትሪ አድርጊላቸው» አላት፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ስለ መቆለፉም ስለ መስታወቱም ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

በማግስቱ ከዚያው ዓይነት አዲስ ስልክ ከካርቶን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንድ ወጣት ገብቶ አየት አደረገውና እጁን ሰበሰበ።

«ለማየት ብቻ ነው፤ አልገዛም።»

«ማን ግዛ አለህ?» አለች እትዬ ሞክሩት ስልኩን እያስጨበጠችው። «በል ጫን ጫን አድርገው። ገና ደረቅ ነው።»