በፈቃዷ የፈረመችው ተማሪ

ማኅተም የጨበጥህ ማኅተምህን አስቀምጥ፤ ወንበር ላይ የተንሰራፋህ ተነሥ፤ መነጽርህን ግንባርህ ላይ የሰቀልህ ወደ ዓይንህ መልስ! በዚህ ጽሑፍ በይፋ የሚታወጀው የአንዲት የሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ጉዳይ ነው። ቁመቷ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ትከሻ አያልፍም። የቀለም ቀቢ ልጅ ናት። ማንንም አልሰደበች፣ መስኮት አልሰበረች፣ ፈተና አልሰረቀች። ወንጀሏ አንድ ብቻ ነው፤ «ፈተናው ተለቅ ባለ ፊደል ይታተምልኝ» አለች። ለዚህ ድፍረቷ ታላቁ ተቋም ቅጹን፣ ኮሚቴውንና አንድ የእንጨት ማስመሪያ አሰልፎ ተነሣባት።

ዶርም ውስጥ «ቀመር» ነው የሚሏት። ሌሎች ግማሽ ደብተር የሚጨርሱበትን ጥያቄ እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ትጨርሰዋለች። ጣሪያውን ታያለች መባሉ እንኳ ለወጉ ነው። ዓይኗ ከዳር ወደ መሐል እየጠበበ ከመጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የሰሌዳው ጠርዝ ጠፋ፤ ቀጥሎ ከጎኗ የሚቀመጡት ልጆች ጠፉ፤ አሁን ዓለም በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቁት ክፍል ሆኖባታል። በቀዳዳው ውስጥ የቀረውም ቢሆን ደብዝዟል። ሐኪሙ «ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አላት፤ ደስ ሊላት ሲል «ግን አይመለስም» ብሎ ጨመረላት።

እሷም ደበቀችው። ደረጃውን ቆጥራ ትወጣለች፣ ቆጥራ ትወርዳለች። ከጎን ለሰላምታ የተዘረጋ እጅ ስለማታይ «ኩራተኛ» የሚል ስም ወጣላት፤ ስሙንም ወደደችው። ኩራተኛ መባል ምን አለበት? ሒሳብ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሒሳብ ያለ ዓይን የሚኬድበት ብቸኛ አገሯ ነው። ሌላው ሁሉ ቢጨልም እንኳ ቁጥሩ ጭንቅላቷ ውስጥ መብራቱን እንዳበራ ይቆያል። ከዚያ አገር ከወጣች የምትገባበት የላትም፤ ይህን ታውቃለች።

ባለፈው ዓመት ፋይናል ላይ፣ ወረቀቱ ግርጌ በስተቀኝ ጥግ ተወሽቆ የነበረውን አሥራ አምስት ነጥብ የያዘ ጥያቄ ሳታየው አስረከበች።

«ምነው የመጨረሻውን ተውሽው? ሰነፍሽ እንዴ?» አላት መምህሩ።

«አላየሁትም» ማለት ሞቷ ነው። «ሰዓት አጠረኝ» አለች።

ይህን የሰማችው የዶርም ጓደኛዋ ናት፤ «ጠበቃዋ» ይሏታል፤ ሕግ ነው የምታጠናው፤ ከግቢው ዘበኛ ጋር ስለ መታወቂያ በአንቀጽ በአንቀጽ የምትከራከር ጉድ።

«ስሚ፣ ነገ ሄደሽ ትመዘገቢያለሽ» አለቻት።

«የት? ለማኝ መሰልኩሽ?»

«መብት ነው የምልሽ! ተጨማሪ ሰዓት፣ ትልቅ ፊደል፣ ሲያስፈልግም አንባቢ ይመድቡልሻል። እስከ መቼ ነው የምታስመስዪው? አንድ ቀን ከደረጃ ትወድቂና ያ ሁሉ ቀመር ወለል ላይ ይፈሳል።»

«ከተመዘገብኩ ስሜ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ዝርዝር ውስጥ የገባ ስም ምን እንደሚደረግ ማን ያውቃል?»

«ፈሪ!»

«ፈሪ ነኝ።»

በክርክሩ ያሸነፈችው ጠበቃዋ ናት። እውነቱ የነበረው ግን ፈሪዋ ዘንድ ነው።

የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ፣ እግር ያላቸው ሰዎች አስበውበት፣ ሁለተኛ ፎቅ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጡት ከታች ሆነው ይጣራሉ፤ የሰማ ሰው ካለ፣ የሰማውም ሰው ደስ ካለው፣ ይወርድላቸዋል። በሩ ላይ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደላት የተጻፈ ማስታወቂያ አለ፤ «የማየት ችግር ያለባችሁ ተማሪዎች ይህን መመሪያ ሳታነቡ እንዳትገቡ» ይላል። ቀመር ሳታነበው ገባች።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ወንበሩ በስተቀኝሽ ነው፤ ቀስ በይ፣ አንድ እግሩ ይነቃነቃል።»

ይህ ድምፅ የጋሼ ማስመሪያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ማየት ለተሳነው ሁሉ መፈረሚያውን በማስመሪያ እያሳየ ያስፈርማልና። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱን ማንም አይክደውም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ቀመር ነቅታ በጠበቀችው ነበር።

«ጭራሽ አታዪም ወይስ ትንሽ ትንሽ?»

«መሐል መሐሉን አያለሁ ጋሼ፤ እሱም ትልቅ ሲሆን። ዳሩን ግን አላይም።»

«መሐሉን ካየሽ ምን ቀረሽ! እኔስ ዳሩን መቼ አይቼ አውቃለሁ?» ብሎ ሳቀ። ሳቀች። ቀለል አላት።

ግራጫ ወረቀት አወጣ። ጽሕፈቱ ከወረቀቱ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ይመስላል።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«የምታውቂውን ነው የሚለው። ትልቅ ፊደል፣ ተጨማሪ ሰዓት። ሁሉም የሚፈርመው ነው የኔ ልጅ።»

ከኋላዋ ወረፋ አለ፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ ወንበር ይጎትታል። ጋሼ ማስመሪያ ሦስት ጣቱን በወረቀቱ ግርጌ አጋደመ፤ ከጣቶቹ በላይ ማስመሪያውን አሳረፈ፤ እጇን ይዞ ጫፉ ላይ አስቀመጠላት። «በይ እየተደገፍሽ ወደዚያ ሂጂ።» ፈረመች። ቆንጆ ፊርማ ነው ያላት። ማኅተሙ ጠረጴዛውን ሲመታው የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ቅጂውን ተቀበለች፤ ማንም እንዳያየው አጣጥፋ ፍራሿ ሥር ወሸቀችው።

በሁለተኛው ሳምንት የቤተ መጻሕፍቱ በር መታወቂያዋን አልቀበል አላት። ማሽኑ ጮኸ። «ሲስተም ነው፣ ግቢ» አላት ጠባቂው። በሦስተኛው ሳምንት የአልጀብራ መምህሩ ስም ጠርቶ ጠርቶ ወረቀቱን አጠፈ።

«የኔስ?»

«እዚህ የለም። ሬጅስትራር ጠይቂ።»

ሬጅስትራር «ዲፓርትመንት ጠይቂ» አላት፤ ዲፓርትመንት «ሲስተሙ እስኪስተካከል ታገሺ» አላት። ሁሉም ፈገግ እያሉ ነው የሚመልሱላት፤ ፈገግታቸውን በድምፃቸው ታውቀዋለች።

የሚድ ፈተና ደረሰ። ወረቀት ታደለ፤ ለእሷ አልተሰጣትም። በትልቅ ፊደል የታተመው ለብቻው ይመጣል ብላ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣምራ ጠበቀች። ዙሪያዋን ሃያ ሰባት እስክሪብቶ ሲጭር ይሰማታል። አንድ ሰዓት አለፈ። ማንም አልመጣም። መምህሩ ወረቀት ሲሰበስብ አጠገቧ ቆም አለና ትከሻዋን ነካ አድርጎ «አይዞሽ» አላት። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። አይዞሽ የሚባለው ሐዘን ለደረሰበት ሰው ነው እኮ፤ ማን ሞተ? በርካታ ነገር ስታሰላ የኖረች ልጅ ይህችን አንዲት ቃል ማስላት አቅቷት ጀርባዋን ቀዘቀዛት።

በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ተዘግቷል። ከበሩ ፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ በትር የያዘ ወጣት ተቀምጧል።

«አዲስ ነሽ» አላት ሳይዞር። «ደረጃ የሚቆጥር ሰው እርምጃው ያስታውቃል። ምን ነበርሽ?»

«ምን ማለት ነው ምን ነበርሽ? ሒሳብ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ነበርሽ። እኔ ፊዚክስ ነበርኩ። ክፍል ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ሥነ ሕንፃ ነበረች። አሁን ሁላችንም ምክር አገልግሎት ነን፤ አሥራ አንድ ሰዎች። የሰው ችግር እንድናዳምጥ ያሠለጥኑናል። ጆሯችን ጥሩ ነው ብለው ነው መሰል።»

«ማን አዛወራችሁ?»

«ማንም! በፈቃዳችን ነው የመጣነው» አለና ሳቀ፤ ሳቁ ሳይጨርስ ተቆረጠ። «ፈርመሻል አይደል? በማስመሪያ?»

ደረጃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጥር ወረደች።

ጠበቃዋ ቅጂውን ከፍራሹ ሥር አውጥታ፣ መስኮት አጠገብ ቆማ አነበበችው። መጀመሪያ ጮክ ብላ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ወረደ። ላይኛው መስመር «ከላይ የተዘረዘረው ድጋፍ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ» ይላል፤ ፊርማ የለበትም። ታችኛው መስመር «ለሁኔታዬ ወደሚስማማ የትምህርት መስክ በራሴ ፈቃድና ፍላጎት እንድዛወር እጠይቃለሁ» ይላል፤ ያቺ ቆንጆ ፊርማ እዚያ ላይ ጉብ ብላለች።

በማግሥቱ ሁለቱም ጋሼ ማስመሪያ ፊት ቆሙ።

«በሉ እንጂ! እኔ ሰው አላሳስትም» አለ ሽማግሌው። «ሦስት ጣት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሦስት ጣት ነው!» ባዶ ቅጽ አወጣ፤ ጣቶቹን አጋደመ፤ ማስመሪያውን አሳረፈ።

«አሁን ያንብቡት፣ ጋሼ» አለች ጠበቃዋ።

መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። አነበበ። ድጋሚ አነበበ። ቅጹ አምና «ተሻሽሏል»፤ ከግርጌው አንድ መስመር ተጨምሮበታል፤ የቀድሞው መስመር ወደ ላይ ተገፍቷል። ለሽማግሌው ማንም አልነገረው። ወረቀቱ ሲለወጥ ጣቶቹ እዚያው ቀሩ።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«የኔ ልጆች፣ ይህን ለማን ተናገራችሁ?»

«ለማንም።»

«ለማንም አትናገሩ።» ድምፁ ሹክሹክታ ሆነ። «ባለፈው ወር ትልቁ ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ተነቧል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎቻችን መቶ በመቶ በራሳቸው ምርጫ ወደሚስማማቸው መስክ ገቡ ተብሎ፣ አዳራሹ ቆሞ ነው ያጨበጨበው። ከሌሎች ተቋማት ልምድ ሊቀስሙ እየመጡ ነው። ያንቺ ፊርማ ስህተት ነው ካልኩ የአሥራ አንዱስ? እኔ ጡረታ ልወጣ አምስት ወር ቀርቶኛል የኔ ልጅ...»

«እኔስ ስንት ቀን ነው የቀረኝ?» አለች ቀመር።

ሽማግሌው መዝገቡን ገለጠ። «ዓርብ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝውውሩ ይጸድቃል። ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም።»

ጠበቃዋ በጻፈችላት አቤቱታ፣ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሦስት ናቸው፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የሬጅስትራር ሹምና የትምህርት ጥራት ባለሙያዋ። ጠበቃዋን ከበሩ መለሷት። ውሃ ቀረበ። የቀረበው ውሃ የት እንዳለ ግን ማንም አልነገራትም።

«እስቲ ራስሽ ፍረጂ» አለ ኃላፊው በአባት ድምፅ። «ሰሌዳ የማያይ ሰው ሒሳብ እንዴት አድርጎ...»

«ባለፈው ሳምንት ሰሌዳው ላይ የተሳሳቱትን የመቀነስ ምልክት በጆሮው ብቻ ሰምቶ ያረመዎት ማን ነው?»

የጥራት ባለሙያዋ ሳል ያዛት። ኃላፊው «እሱ ሌላ ነገር ነው» አለ፤ የአባትነቱ ድምፅ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

አራት ገጽ ወረቀት ወደ እሷ ተገፋ። እስክሪብቶም ተከተለው።

«ይኸው፣ ወደ ሒሳብሽ የሚመልስሽ ነው። ፈርመሽ መሄድ ነው።»

«ይነበብልኝ።»

ሹሙ እስክሪብቶውን ወደ እጇ አስጠጋ።

«አታምኚንም ማለት ነው?» አለች ባለሙያዋ፣ የተከፋች መስላ።

«ጓደኛዬ ውጭ ናት፤ ትግባና ታንብብልኝ።»

«ሦስተኛ ወገን የተቋሙን ሰነድ አያይም።»

«እንግዲያው አንባቢ ይመደብልኝ። የተመዘገብኩት ለዚሁ አይደል?»

የሬጅስትራሩ ሹም ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የነበረ ይመስል ፋይሉን ገለጥ አደረገ። «አንባቢ የሚመደበው ድጋፍ ለጠየቀ ተማሪ ነው። ድጋፍ የሚጠየቅበት መስመር ላይ አልፈረምሽም። ባዶ ነው።»

ቀመር ወረቀቱን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። አንድ ቃል፣ ቆይታ ደግሞ አንድ ቃል። «...በራሴ... ቸልተኝነት... መሆኑን...»። ላቧ አንገቷ ላይ ወረደ። «...ስለ ሌሎች... ተማሪዎች... ፊርማ... በየትኛውም... ቦታ... ላልናገር...»። አግዳሚው ወንበር ላይ የተቆረጠው ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። እነዚያን አሥራ አንድ ሰዎች ሸጣ ነው እንዴ የምትመለሰው? ወይስ ከዚህ የባሰ ነገር ከፊቷ አለ? የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርስ አሥር ሰዓት ከሃያ ሆነ። ሦስት ገጽ ይቀራል። ኃላፊው ሰዓቱን አየ። ሹሙ ማኅተሙን ከመሳቢያው አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። የሚያጣድፋት የለም፤ ማጣደፍ አላስፈለጋቸውም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ መስመር ላይ ከደረስህ ዓይን አለህ ማለት ነው፤ ምክንያት አትፍጠር። ክፍሉ ከድጋፍ ጽሕፈት ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው። በሩ አልተቆለፈም። ሦስተኛ ወገን ነህ ይሉሃል፤ ይበሉህ። አጠገቧ ቁምና ከሁለተኛው ገጽ ጀምረህ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብላት፤ በተለይ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው በላይ ያለችውን ያቺን ደቃቅ መስመር፣ እባክህ፣ እሷ ሳትፈርም በፊት።