ሻሸመኔ የተሠራችው ሮዝ ጥርስ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ከማሽኖቹ ሁሉ አንጀቴን ያሳረረኝ ካርድ መብሻው ነው። ከመቂና ከዓለም ጤና የሚመጣው የእርሻ መረጃ በእሱ አማካይነት ወረቀት ካርድ ላይ በቀዳዳ መልክ ይበሳና አዲስ አበባ ወዳለው ኮምፒውተር ይላካል። የሠራው ፋብሪካ መለዋወጫውን ማምረት ካቆመ ቆይቷል። ካርዱን የሚስቡት ጥርሳም የፕላስቲክ መሽከርከሪያዎችም አርጅተው እንደ ብስኩት ይፈረፈራሉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዷ፣ ከኮት ቁልፍ የማትበልጠው፣ ሦስት ቦታ ተሰበረች። በማሽኑ የምትሠራው ልጅ ስብርባሪውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

መጀመሪያ የጀሪካን ፕላስቲክ አቅልጬ በጄሶ ቅርጽ ውስጥ አፈሰስኩ። ሲወጣ ሁለመናው ቀዳዳ ነው። ቀጥዬ ቶርኖ ቤት ሄጄ ከነሐስ አስወጣሁ። እሷ ደግሞ ጠንክራ አጠገቧ ያለችውን ፕላስቲክ በላቻት። አንድ የጎደለኝ ሰውዬ ሁለት ጎደለኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አስጠራኝ። ማሽኑ በአንድ ሳምንት ሁለቴ እንዴት ይሰበራል አለ። ፕላስቲክም ያረጃል ብዬ ባስረዳ፣ ባስረዳ ሊገባው አልቻለም።

«ጓድ፣ ይህን አሻጥር የሚሉት ሰዎች አሉ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

መላ ያመጣችው ያቺው ልጅ ናት፤ እናቷ ሻሸመኔ አንድ ጥርስ ሠሪ ሽማግሌ ዘንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተው የፕላስቲክ ድዱ አጥንት ሲታኘክበት እንኳ እንዳልተሰበረ ነገረችኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ሁለት ቀን ተመላልሼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሽማግሌው መጀመሪያ የተሰበረችውን፣ በማጣበቂያ የገጣጠምኳትን ፕላስቲክ ተቀብለው ሲያገላብጡ እጃቸው ላይ ለሁለት ተከፈለች። ያን ሁሉ መንገድ አቅፌያት መጥቼ!

«ውጭ ትንሽ ተናፈስና ተመለስ» አሉኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተሰበረ ነገር ነው የማየው።»

«እርስዎ ካድሬውን ስለማያውቁት ነው» አልኳቸው። ሳቅ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

የድድ ፕላስቲኩ ሲደርቅ ስለሚኮማተር መጀመሪያ የሠሯት አነሰች፣ ሁለተኛዋም እንዲሁ። ለሦስተኛዋ ቅርጽ የሚወሰድባትን አሮጌዋን በስስ ሰም ለበጥ አድርገው አወፈሯትና አዲሷ ልክ መጣች። ነሐሷ የበላቻትንም በዚያው መንገድ ሠሩልኝ።

ናዝሬት ተመልሼ ስገጥማቸው ማሽኑ ሳይንገጫገጭ ሠራ። ልጅቷ አጨበጨበች። ካድሬው ግን ክዳኑን አስከፍቶ አጎንብሶ አየና፣ «ለምን ሮዝ ሆኑ?» አለ። የድድ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው አልኩት። ከበላይ አካል እንግዶች ስለሚመጡ ግራጫ ቀለም ይቀቡ አለ። ቀለሙ ጥርሱን አወፍሮ ካርድ እንደሚያስነክስ ብለምነውም፣ ውሳኔ ነው አለኝ።

ቀባኋቸው። በማግስቱ ካርዱ ጥርሶቹ መሃል ተነክሶ ማሽኑ ቆመ። ቀለሙን ጥርስ በጥርስ በመርፌ ስፍቅ ሙሉ ቀን ዋልኩ።

እንግዶቹ መጡ፤ ሻይ ጠጡ፤ ክዳኑን የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም።